ኡምኩልሱምና የጨፋ ሴቶች ድድ

ከሚሴ ገና የዞን ዋና ከተማ ሳትባል፥ ወደ ደሴ በሚወጣው መንገድ ግራና ቀኝ የተሰለፈች አንዲት ሞቃት ከተማ በነበረችበት ጊዜ፥ ከቤቴ አጠገብ ኡምኩልሱም የምትባል ጤና ረዳት ትኖር ነበር። ዘመኑ ደርግ ነው፤ ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ገደማ። እኔ በከተማው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛና ሥዕል አስተምር ነበር። እሷ ደግሞ በክሊኒኩ ቁስል ታጥባለች፥ መርፌ ትወጋለች፥ የወባ ኪኒን ታድላለች።

ኡምኩልሱም ቁመቷ አጠር፥ አነጋገሯ ፈጠን ያለ ሴት ነበረች። ስትስቅ፥ እንደ አገሯ ልጆች ሁሉ፥ የተነቀሰ ጥቁር ድዷ ከጥርሷ በላይ ይታያል። ያን ጊዜ ከከተማው በታች ባለው በጨፋ ሸለቆ ሴት ልጅ ከመዳሯ በፊት ድዷን ትነቀስ ነበር። ድዱ በመርፌ ይወጋል፥ ጥላሸት ይቀባል፤ ያብጥና ሲድን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ሸኾቹ ነገሩን አይወዱትም፤ እናቶቹ ግን በሌላው ሁሉ ይሰሟቸዋል እንጂ በዚህ አይሰሟቸውም።

የምትኖረው ከእናቷ ከእማ መሊካ ጋር ነው። እማ መሊካ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ሆኖም ሰፈሩን ከማናችንም በላይ ያውቁት ነበር። የቤታቸው የእንጨት አጥር ከጎረቤቱ አጥር ጋር ይገናኛል፥ የጎረቤቱ ከሚቀጥለው ጋር ይገናኛል፤ እሳቸው እጃቸውን በአጥሩ ላይ እያሳለፉ እስከ ቦኖው ውሃ፥ ከቦኖውም እስከ መስጊዱ ጥግ ብቻቸውን ይሄዳሉ። መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ደግሞ ሰላምታውን ሳይጨርስ በስሙ ይጠሩታል። ቀን ሙሉ ልጃቸው ክሊኒክ ስትውል የሚኖሩት በዚህ ነበር፤ በአጥሩና በሰው ድምፅ።

በዚያ ዓመት ከደሴ ጤና ቢሮ ጓድ ሙህዲን የሚባል ተቆጣጣሪ መጣ። ቀጭን፥ ትሑት፥ ሁልጊዜ የቸኮለ ሰው ነበር። ክሊኒኩ ውስጥ ያያቸው የጥርስ በሽተኞች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ጥርሱ ከተበላ፥ ጉንጩ ካበጠ በኋላ ለማስነቀል የሚመጡ። ስለዚህ በጥቂት ክሊኒኮች ለሙከራ የአፍና የጥርስ ጤና ትምህርት ለሕዝብ እንዲሰጥ ተወስኗል አለ። በከሚሴ ሥራው ለኡምኩልሱም ተሰጠ።

«ሕዝቡን በማኅበር በማኅበሩ ታስተምሪያለሽ፥ ጓዲት» አላት። «እስከ ክረምት አየዋለሁ። ተማሪ ከያዝሽ ሥራው ይቀጥላል። ካልያዝሽ ግን ቦታው ይታጠፋል፤ ባቲ ሰው ስለጎደለ ወደዚያ ትዛወሪያለሽ።»

ይህን ለእኔ የነገረችኝ አጥር ላይ ተደግፋ ነው። ለእናቷ ግን አልነገረችም። «ባቲ ስወስዳት ምን ትይዛለች?» አለችኝ። «ብተዋትስ ማን ይይዛታል?» ከዚያ ቀን ጀምሮ የጥርሱን ትምህርት እንደ ደንበኛ ሥራዋ ሳይሆን እንደ ቤቷ ጉዳይ ያዘችው።

መጀመሪያ የሠራችበት መንገድ የታዘዘችው ነበር። የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ የሴቶች ማኅበር ተሰበሰበ፤ ስም ተጠራ፤ «አለሁ» ተባለ። ኡምኩልሱም ከደሴ የተላከላትን ትልቅ ሥዕል ግድግዳ ላይ ሰቀለች። በሥዕሉ ላይ ሁለት ሴቶች አፋቸውን ገልጠው ይታያሉ፤ አንደኛዋ ጤነኛ፥ ሌላዋ ድዷ የታመመ። ስለ ጥርስ ዓይነት፥ ስለ ምግብ ትራፊ፥ ስለ መፋቂያ አስተማረች። ከፊት የተቀመጡት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ከኋላ ያሉት ተኝተዋል። ሲያልቅ ሁሉም አጨበጨበ፤ የሚጨበጨበው ለምን እንደሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

«ለስሙ መጠራት ነው የመጡት» አለችኝ ማታ። «ስማቸው ከተጠራ በኋላ ጆሯቸው ቤት ሄዷል።»

ከዚያ ወዲያ ነገሩን በራሷ መንገድ ለማቀድ ቁጭ አለች። ሰው ሳይጠራ የሚሰበሰበው የት ነው? ብላ ጠየቀች። ወንዶቹ በጨፋ ሮቢት የከብት ገበያ፥ ሽያጩ ካለቀ በኋላ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ሴቶቹ ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ለዱዓ ይሰበሰባሉ፤ ጫቱ ይቀርባል፥ ሻይ ይቀርባል፥ ለታመመው፥ ለተጓዘው፥ ለዝናቡ ይለመናል። ዱዓው አልቆ ወሬው ሲጀመር የሚቀረውን ጊዜ ለመነች። በሸለቆው ያሉት ሴቶች የእማ መሊካ ልጅ ናት ብለው ፈቀዱላት።

ብሩሽ ግዙ አላለቻቸውም። ብሩሽ ያን ጊዜ ከሚሴ ሱቅ ውስጥም እንደልብ አይገኝም ነበር። «በሲዋክ መፋቅ የነቢዩ ሱና ነው፤ አዲስ ነገር አላመጣሁባችሁም» ብላ ጀመረች። የወይራ መፋቂያ ጫፉ እንዴት እንደሚታኘክ፥ ከፊት ጥርስ ላይ ብቻ እንዳይቀር፥ ወደ ውስጥ መንጋጋው ድረስ እንዲዘልቅ አሳየች። ጫት ሲቃም ጉንጭ ውስጥ የሚቆየው ስኳር ጥርሱን ምን እንደሚያደርገው ነገረቻቸው፤ ሲጨርሱ አፋቸውን በውሃ እንዲጉመጠመጡ ለመነቻቸው። ሴቶቹ ጠየቁ፥ ተሳሳቁ። አንዷ «ባሌም ይምጣና ተማሪ አድርጊልኝ፥ አጠገቡ መተኛት አቅቶኛል» ብላ ቤቱን በሳቅ ሞላችው። በመጨረሻ ኡምኩልሱም ያን ከደሴ የመጣ ሥዕል ዘርግታ አሳየቻቸውና ተለያዩ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ስትሄድ ዱዓው እንዳለቀ ሴቶቹ ተነሡ። አንዷ ልጅ ታሞብኛል አለች፤ ሌላዋ ላም አልታለበችም። የቀሩት ጥቂት አሮጊቶች ነበሩ። ከዚያም በሚከተለው ሐሙስ እንዲሁ ሆነ። ረቢአ የምትባለው ሴት ደግሞ፥ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ ነበረቻት፥ የልጅቱን መፋቂያ ከእጇ ነጥቃ አጥር ውጪ ወረወረችው ተባለ።

በዚያው ሰሞን ጓድ ሙህዲን ላንድሮቨሩን ክሊኒኩ በር ላይ አቆመና ጠየቃት። እሷም እውነቱን ነገረችው።

«ወደ አዳራሹ መልሻቸው፤ ስም ይጠራ» አላት።

«ስም ሲጠራ ይመጣሉ፤ አይሰሙም።»

«ባይሰሙም መጥተዋል ይባላል፥ ጓዲት። እኔንም እኮ የሚጠይቀኝ አለ። በሚቀጥለው ወር ስመለስ ሰው ማየት አለብኝ።»

ያን ቀን ማታ እነ ኡምኩልሱም ቤት ነበርኩ። እማ መሊካ ከቦኖው ውሃ ቀድተው፥ እንስራውን በአንድ እጃቸው ይዘው፥ በሌላው አጥሩን እየዳሰሱ ገቡ። ኡምኩልሱም ተነሥታ ልትቀበላቸው ስትል «ተይ፥ የለመድኩት ነው» አሏት። እሷም ቆማ አየቻቸው።

ጠዋት ተነሥታ ወደ ጨፋ ወረደች፥ ወደ ዘይና ቤት። ዘይና የሸለቆው ድድ ነቃሽ ነበረች። በዚያ አገር ያለ ሙሽራ ሁሉ በእጇ ያለፈ ስለሆነ፥ ሴቶቹ ከእሷ የሚሰውሩት ወሬ አልነበረም። ኡምኩልሱም ስትደርስ ዘይና ደጃፏ ላይ ማሽላ በሰፌድ ታንገዋልላለች።

«አካም ቡልቴ፥ እትዬ ዘይና፥ ደኅና አደሩ?»

«አልሐምዱሊላህ። ኮቱ፥ ነይ ቁጭ በይ። እናትሽ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት። እትዬ ዘይና፥ ሴቶቹ ለምን ሸሹኝ?»

«ሥራ በዝቶባቸው ይሆናላ።»

«እኔ ስገባ ነው ሥራው የሚበዛባቸው?»

ዘይና ሰፌዱን አስቀመጠች። ሳቋን እየያዘች ነበር። «ሥዕልሽን አይተው ነዋ» አለች።

«ሥዕሉ ምን አለው?»

«አንደኛዋ ሴትዮ ድዷ እንደ ታረደ በግ ቀይ ነው፤ እሷን ጤነኛ አልሻት። ሌላዋ ጥቁር ነው፤ እሷን ታማለች አልሽ። እዚህ ድዱ ያልጠቆረ ማን አለ? ሁላቸውንም በሽተኛ አልሽና ፍቁ አልሻቸው። ጧትና ማታ ፍቀው ፍቀው እንደዚያች ሴትዮ ሊቀሉ ነው። ረቢአ ዘንድሮ ልጇን ልትድር ነው፤ ያን ያህል ተሠቃይታ የተነቀሰችውን ልጅ በእንጨት ልታጥብባት ነው?»

ኡምኩልሱም ያን ሥዕል ደሴ ትምህርት ላይ ሳለች ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ትርጉሙን በቃሏ ትወጣዋለች። በሥዕሉ ላይ ያለው የታመመ ድድ ከራሷ ድድ ጋር እንደሚመሳሰል ግን አንድም ቀን አላየችም። «ትምህርት ቤት ሥዕል ሲያሳዩን ሥዕሉን ነው የምናየው፤ ራሳችንን ማን ያያል?» አለችኝ በኋላ።

ከዚያ ከንፈሯን በጣቷ ገለጠች። «እትዬ ዘይና፥ ይህን ማን ነቀሰው?»

«እኔ ነኛ። መንደሩን በለቅሶሽ በጥብጠሽው።»

«ከዚያ ወዲህ ጧትና ማታ ነው የምፍቀው። ለቀቀ ወይ?»

ዘይና አገጯን ይዛ ወደ ፀሐይ አዞረቻት። በአውራ ጣቷ ፈተገች። በሻሿ ጫፍ ፈተገች። ምራቋን እንትፍ ብላ ደግማ ፈተገች።

«የኔ እጅ ነው» አለች። «የኔ እጅ አይለቅም።»

«ሴቶቹ ግን ይለቃል ነው የሚሉት።»

«ማን ነው ይለቃል ያለ?»

«አሁን አንቱ ራስዎ ነገሩኝ እኮ። የዘይና ንቅሳት በመፋቂያ ይለቃል ብለው ነው የሸሹት።»

የዘይና ሳቅ ጠፋ። እስከዚያች ደቂቃ ወሬውን እንደ ኡምኩልሱም ጉድ ስታጣጥመው ነበር እንጂ፥ ስለራሷ ሥራ የተወራ መሆኑን አላሰበችውም። ሰፌዱን አነሣች፥ መልሳ አስቀመጠችው። «ይህን መጀመሪያ ያለችው ረቢአ ናት» አለች። «ለልጇ ያደረግኩላትን ረስታ።» ከዚያ «ሐሙስ አብረን ነን» ብላ አሰናበተቻት።

ሐሙስ ዱዓው አልቆ «አሚን» እንደተባለ፥ ሴቶቹ ሳይነሡ ዘይና በሩ ላይ ቆመች። በዚያ በር ዘይናን ገፍቶ የሚወጣ አልነበረም።

«የዘይና ንቅሳት በእንጨት ይለቃል ያላችሁ እነማን ናችሁ?» አለች።

ዘይና ኡምኩልሱምን በክንዷ ስባ መሀል አቆመቻት። «አፍሽን ክፈች» አለቻትና የላይኛ ከንፈሯን እንደ መጋረጃ ገለበጠችው። «ይቺ የመሊካ ልጅ ናት። ከተነቀሰች ጀምሮ እንደ ጦም አዳሪ እንጨት ስታኝክ የኖረች ናት። ነይ ረቢአ፥ ፈትጊው።»

ረቢአ እያመነታች መጣች። በጣቷ ነካችው፥ ጣቷን አየችው።

«ጠንክረሽ ፈትጊ እንጂ፤ ሕፃን የምታሻሺ መሰለሽ?»

«ያማታል ብዬ ነው።»

ኡምኩልሱም ከንፈሯ እንደተያዘ «አያመኝም» አለች፤ ቃሉ ግን ተጣሞ ወጣና ቤቱ ሳቀ።

«አንዲት ጠብታ የለቀቀባት ካለች ትምጣና በነፃ ደግሜ እነቅሳታለሁ» አለች ዘይና።

«ደግሞ ለመነቀስ ማን ዕብድ አለ?» አለች አንዷ ከጥግ። ያን ጊዜ ሳቁ የእውነት ሆነ፤ ሴቶቹ ተመልሰው ተቀመጡ።

ኡምኩልሱም ሥዕሉን አላወጣችም። ለሁሉም አዲስ የተላጠ ነጭ መፋቂያ አደለች። «የድዳችሁን ቀለም ተዉት፤ እሱ የእትዬ ዘይና ነው» አለቻቸው። «እኔ የምፈልገው እንጨቱን ነው። ፍቁና ጫፉን እዩት። ነጭ ሆኖ ከወጣ ድዳችሁ ጤነኛ ነው። ደም ከነካው ታሟል ማለት ነው፤ ጥቁሩ ሸፍኖት ነው እንጂ ውስጡ ቀልቷል። ስለደማ መፋቅ እንዳትተዉ። ቀስ ብላችሁ ብትቀጥሉበት ይቀንሳል። ካልቀነሰ ክሊኒክ ኑ፤ ጥርሱ ሳይነቃነቅ።»

ሁሉም ይፍቁ ጀመር፤ የእንጨት ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ከዚያ አንዷ የአንዷን መፋቂያ ማየት ጀመረች። ደም ያልነካው ጥቂት ነበር። ከሁሉ ይበልጥ ቀይ ሆኖ የወጣው የዘይና ነው። እሷም በሻሿ ጠቅልላ ልትደብቀው ስትል አጠገቧ ያለችው አየችባት።

«ጣቴን ቆርጦኝ ነው» አለች ዘይና።

«በአፍሽ ውስጥ ጣት አለ?» አሏት።

ኡምኩልሱም አልሳቀችባትም። ሲወጡ ለብቻዋ ጠርታ ድዷን አየችላት፤ ለብ ባለ ውሃ ጨው በጥብጣ እንድትጉመጠመጥ ነገረቻት። በዚያው የመነቀሻ መርፌዋን ነገር አነሣችባት።

«ንቀሱ አልልም፤ ለልጆቹ ባይነቀስ ነው የምወደው። ከነቀሱ ግን ለእያንዳንዷ የራሷ መርፌ ይሁን፥ ይቀቀልም።»

«መርፌ ይቀቀላል? ሥጋ ነው?»

«ይቀቀላል፥ እትዬ ዘይና። ክሊኒክም እንቀቅላለን።»

ዘይና አሰበችበት። «ጨው ይገባበታል?» ብላ ጠየቀች። እየቀለደች ይሁን እየጠየቀች ኡምኩልሱም ሊገባት አልቻለም፤ ብቻ አይገባበትም አለቻት።

ሥዕሉን እንደ አዲስ የሣልኩት እኔ ነኝ። ኡምኩልሱም እያስተካከለችኝ ሠራሁት፤ ሁለቱም ሴቶች ድዳቸው ጥቁር ነው፥ ልዩነቱ በያዙት መፋቂያ ጫፍ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ስሠራ ደሙን አበዛሁት። «ይህ የቁርጥ ቤት ሥዕል ነው፥ መምህር» ብላ መለሰችብኝ። ሁለተኛውን ወደደችው። በእሱ በጨፋ ሮቢት ገበያ ወንዶቹንም አስተማረች፤ ንቅሳት የሌላቸው ወንዶች ደግሞ በሥዕሉ ሁለቱም ሴቶች ለምን ጥቁር ድድ እንዳላቸው ስላልገባቸው ሚስቶቻቸው ያስረዷቸው ነበር።

ጓድ ሙህዲን እንደ ቃሉ ተመለሰ። ሐሙስ ነበረና ወደ ጨፋ ወሰደችው። ሴቶቹ ቤቱን ሞልተው በረንዳው ላይ ተርፈዋል። ዘይና መሀል ቆማ የአንዲት አዲስ የመጣች ሴት ከንፈር ገልብጣ ታሳያለች።

«ይቺ ማናት?» አለ በጆሮዋ።

«ድድ ነቃሽ ናት።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ጎጂ ልማድ የምንለውን ሰው መድረክ ላይ አወጣሽው?»

«እሷ ባትቆም ኖሮ እነዚህ ሁሉ አይቆሙም ነበር። መርፌውንም አሁን ትቀቅላለች፤ ይጠይቋት።»

ጠየቃት። ዘይና ስለ መቀቀሉ ረዥም ንግግር አደረገችለት፥ እሷ የፈለሰፈችው አስመስላ። ሙህዲን መፋቂያዎቹን አየ፥ ሴቶቹን አነጋገረ፥ ሲወጣ ፈገግ ብሎ ነበር። «ሪፖርቱ ላይ የአካባቢ ሽማግሌ ብዬ አሰፍራታለሁ» አለ። ዘይና ሰማችውና «ሽማግሌ? እኔ?» ብላ ተቆጣች።

ላንድሮቨሩ ጋ ሲደርሱ ግን ለኡምኩልሱም ሌላ ነገር ነገራት። «ይህ ሥራ እዚህ ብቻ መቅረት የለበትም። ከመስከረም ጀምሮ ባቲ ትጀምሪዋለሽ።»

«ካልተሳካ ነበር እኮ ባቲ ያሉኝ።»

«ካልተሳካ ሰው ስለጎደለ ነበር። አሁን ለሥራው ነው።»

«ልዩነቱ ምንድነው፥ ጓድ ሙህዲን?»

«ደረጃሽ ከፍ ይላል።» የሚቀልድ አልነበረም።

«ዓይነ ስውር እናት አለችኝ።»

ሙህዲን በሩን ይዞ ትንሽ ቆመ። የቸኮለው ሰው ያን ጊዜ አልቸኮለም። «እኔ የወሰንኩት ቢሆን እተወው ነበር» አለ። «ዕቃችሁን የሚጭን መኪና ግን እልክልሻለሁ።»

በዚያን ዘመን ዝውውር እምቢ አይባልም። ማታ ለእናቷ ስትነግራቸው እኔም ነበርኩ። እማ መሊካ የሚፈትሉትን ጥጥ አቆሙ።

«ይህን ካወቅሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«የጥርሱ ሥራ ሲሰጠኝ ጀምሮ። እንዳንሄድ ብዬ ነበር የለፋሁት።»

«ለኔ ብለሽ።»

«አዎ።»

«እኔን ሳትጠይቂ።»

«ብጠይቅሽ ምን ትይኝ ነበር?»

«አልሄድም እልሽ ነበር» አሉ። እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አሽከረከሩት። «አሁንም መሄድ አልወድም። ግን አንቺ ሄደሽ እኔ በጎረቤት እጅ ብቀር፥ ጎረቤቱ በእኔ የተሰላቸ ዕለት ድምፁ ይነግረኛል። ሌላው ሰው ፊቱን ዞር ያደርጋል፥ እኔ ግን ድምፅ ነው የቀረኝ። ስለዚህ እሄዳለሁ። ደስ ብሎኝ እንዳይመስልሽ ብቻ።»

መኪናው እስኪመጣ ድረስ እማ መሊካ በየቀኑ እየወጡ አጥር ለአጥር ሄዱ። በየበሩ ቆመው እየተሳለሙ፥ እየመረቁ፥ አንዳንዱንም ስለ ድሮ ነገር እየወቀሱ ነበር። እኔን «አንተ አጥርህን አጠናክር፥ ከሰፈሩ ጀማ ሁሉ የሚላላው ያንተ ነው» አሉኝ። አጠናከርኩት።

በሚቀጥለው ዓመት ለፍየል ግዢ ባቲ ሄድኩ። ሰኞ ነበር፤ ገበያው ከአፋር ቆላ በወጡ ግመሎችና ከደጋ በመጡ ሰዎች ተጨናንቋል። ቤታቸውን አፈላልጌ ስደርስ እማ መሊካ በር ላይ ተቀምጠዋል። ጉሮሮዬን ስጠርግ «መምህር» አሉኝ።

ስለ ከሚሴ ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ስለ ባቲ ስጠይቃቸው ሙቀቱን አነሡ፤ ቀጥለውም አጥሩን። «እዚህ አጥሩ ሁሉ እሾህ ነው፤ እጄን አያስጠጋም። ድምፁም ብዙ ነው፤ ዛሬ የሰማሁትን ነገ አላገኘውም፥ ገበያተኛ ነዋ።»

ኡምኩልሱም ከሥራ ስትመጣ ከስታ ነበር። ትምህርቱን ጀምራለች፤ ሥዕሌን ግን ገና አልሰቀለችውም። «እዚህ ደግሞ የራሳቸው ነገር ይኖራቸዋል» አለችኝ። «መጀመሪያ አብሬያቸው ልቀመጥ። አፋቸውን ሳልጠይቃቸው ሲገልጡ ያን ጊዜ እጀምራለሁ።»

ከቤታቸው በር አንሥቶ እስከ ውሃው ድረስ፥ በየምሰሶው እየታሰረ የተዘረጋ ከጭረት ቃጫ የተሠራ ገመድ አየሁ። ለእናቷ የዘረጋችው ነው። እማ መሊካ በእሱ እየተመሩ ብቻቸውን ውሃ ይቀዳሉ፤ ገና አያምኑትም፥ በሌላ እጃቸው በትር ይይዛሉ። ያን ቀን ከገበያ የተመለሱ ግመሎች መሀሉን በጥሰውት ነበር።

«ሁልጊዜ ሰኞ ነው የሚበጥሱት» አሉ እማ መሊካ። «ማክሰኞ ጧት ደግሞ ታስሮ አገኘዋለሁ።»

ኡምኩልሱም ቦርሳዋን አስቀምጣ፥ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር፥ የገመዱን ሁለት ጫፍ ፈልጋ መቋጠር ጀመረች። እኔ ምሰሶውን ያዝኩላት።